ማዕድ በቀን ስንት ጊዜ? ከጅዳና ከመካ የጾም ሰሞን የምንማረው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

«ሰው በቀን ስንት ጊዜ ቢበላ ለጤናው ይበጀዋል?» የሚለው ጥያቄ ከተሳላሚዎች፣ ይልቁንም ከዓረብ አገር ከሚመለሱ እኅቶቻችን ዘንድ ደጋግሞ ይነሣል። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ክብደት አለው። መድኃኒታቸውን ትተው የሚጾሙ፣ ሕመማቸውን ለንስሐ አባታቸው መንገር የሚያፍሩ ሰዎች አሉና፤ ለእነርሱ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከተነሣበት አገር ጀምረን እንመለከተዋለን።

ሁለት ጾም በአንድ ቤት

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ። በሳዑዲ ዓረቢያ የረመዳን ጾም የጀመረው ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 22 ቀን ነበር። በቀይ ባሕር ዳር ያለችው ጅዳ የመካ መግቢያ በር ናት፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወደ መካ ከሙስሊም በቀር ሌላ እንዲገባ ስለማይፈቀድ፣ የእኛ ምእመናን ኑሮ በጅዳና በሌሎቹ ከተሞች ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ለእነርሱ የቀረላቸው የግል ጸሎታቸውና ጾማቸው ነው።

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እኅት በዚህ ሰሞን የምታሳልፈውን ቀን እናስብ። ከቀትር በኋላ ለቤተ ሰቡ የኢፍጣርን ማዕድ ታሰናዳለች፤ ሌሊቱን እንግዳ ታስተናግዳለች፤ ከንጋት በፊት ደግሞ ሱሑርን ታቀርባለች። እርሷ ራሷ ሑዳዴን ስለያዘች ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ትርቃለች። እንቅልፏ የተቆራረጠ ነው፤ የምትበላውም በሰዓቱ ሳይሆን ጊዜ ስታገኝ ነው። ወደ አገር ስትመለስ «ጨጓራዬ ታመመ» ወይም «ሳልበላ ወፈርሁ» ብትል አያስደንቅም።

በማዕዱ ዙሪያ

ጿሚው ሙስሊም በረመዳን በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይመገባል፤ ፀሐይ ስትገባ ኢፍጣርን፣ ከንጋት በፊት ሱሑርን። በ2017ቱ ረመዳን መጀመሪያ በመካ ፀሐይ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ያለ እህልና ያለ ውኃ የሚቆየውም ወደ 13 ሰዓት ይደርስ ነበር። በእኛ ሥርዓት ደግሞ በአብዛኛው አጽዋማት እስከ 9 ሰዓት ተጹሞ ከዚያ በኋላ ይበላል፤ ይህም ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነው። በገዳማት ብዙዎች መነኮሳት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመገባሉ፤ የዋልድባ አባቶች እህል ትተው በቋርፍ መኖራቸውም የታወቀ ነው።

በመካ ታላቁ መስጊድ ጿሚዎች በረድፍ ተቀምጠው ጾማቸውን የሚፈቱት በተምርና በዘምዘም ውኃ ነው። ቀጥሎ ለጸሎት ይነሣሉ፤ ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ ይመጣል። በሐኪም ዓይን ይህ መልካም ልማድ ነው። የተምሩ ስኳር ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ውኃው የጎደለውን ይተካል፤ ቀኑን ሙሉ ያረፈው ሆድም ድንገት አይጨነቅም። በእኛም ዘንድ ከቅዳሴ በኋላ በጠበል፣ በጥቂት ዳቤ ወይም በቆሎ መጀመር የቆየ ልማድ ነው። ከሁለቱም የምንማረው በጥቂቱ ጀምሮ ማረፍን ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጅዳ የረመዳን ሌሊት እንደ ቀን ነው፤ ሱቁና ምግብ ቤቱ እስከ ሱሑር ገደማ ክፍት ነው። በዘይት የተጠበሰው ሳምቡሳ፣ በሽሮፕ የራሰው ሉቀይማት፣ ሥጋ የከበበው ካብሳ በተከታታይ ይቀርባሉ። የማዕዱ ቁጥር ሁለት ቢባልም ሌሊቱ ሙሉ ማዕድ የሚሆንበት ቤት አለ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሰው በረመዳን በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል ቢቀንስም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

የሕክምና ሊቃውንት ምን አገኙ?

በቼክ ዋና ከተማ በፕራግ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ያለባቸውን 54 ሰዎች መረመረ። እኩል ካሎሪ ያለውን ምግብ ለ12 ሳምንት በቀን ስድስት ጊዜ ከፋፍለው፣ ለሌላ 12 ሳምንት ደግሞ ቁርስና ምሳ ብቻ አድርገው ተመገቡት። በሁለት ማዕድ የተመገቡበት ጊዜ ክብደታቸውንና በጉበታቸው ያለውን ስብ የበለጠ ቀነሰ። ልብ እንበል፤ እነዚህ ሁለት ማዕዶች የቀን ማዕዶች ነበሩ፤ የጅዳዎቹ ሁለቱ ግን የሌሊት ናቸው።

በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ጤነኞች ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የቀኑን ምግብ ሁሉ ምሽት ላይ አንድ ጊዜ አበላቸው። የሰውነታቸው ስብ በጥቂቱ ቀነሰ፤ የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ግን ሦስት ጊዜ ከበሉበት ወቅት ከፍ አለ።

እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ምን ያህል እንደተበላ፣ ምን እንደተበላና በስንት ሰዓት እንደተበላ አብሮ ይፈርዳል። ምግብ ሲቋረጥ ሰውነት መጀመሪያ በጉበት የተከማቸውን ስኳር ይጠቀማል፤ እርሱ ሲያልቅ ወደ ስብ ይዞራል። ጤነኛ ሰው ይህን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበላና እንቅልፉን የሚያጣ ግን ያተረፈውን መልሶ ያጠፋል።

ሕሙማን ይጠንቀቁ

እ.ኤ.አ. በ2001 ሳዑዲ ዓረቢያን ጨምሮ በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ተደርጎ ነበር። በረመዳን ለሆስፒታል የሚያደርስ የደም ስኳር መውረድ በመጀመሪያው ዓይነት ሕሙማን ከአራት እጥፍ በላይ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ደግሞ ከሰባት እጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኘ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም አንዳንድ የስኳር ክኒኖችን የሚውጥ ሰው ሳይበላ ሲቆይ መድኃኒቱ ስኳሩን ማውረዱን አያቆምም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የሐሳብ መደናገር ምልክቶቹ ናቸው።

ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ ጾሙ ከመግባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት በራሱ አይለውጥ። በጾም ላይ ሳለ የደሙ ስኳር ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ሰዓቱን አይጠብቅ፤ ጾሙን አቋርጦ ይረዳ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የኩላሊትና የጨጓራ ሕመምተኛም እንዲሁ አስቀድመው ይመከሩ።

ይህን ማድረግ ሃይማኖትን ማቃለል አይደለም። በሐዋርያት ስም የተላለፈው ቀኖና ጾምን ሲያዝ የሥጋ ድካም ያለበትን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። የእስልምናው ሥርዓትም ሕመምተኛውንና መንገደኛውን በሌላ ቀን እንዲያካክሱ ያሰናብታቸዋል። እናንተ ካህናት አባቶች ሆይ፣ ንስሐ ልጃችሁ ስለ ጾም ሲጠይቃችሁ «ሕመም አለብህን? መድኃኒት ትወስዳለህን?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ብትጠይቁ የሚያፍረው አፉን ይከፍታል፤ ምናልባትም ነፍስ ታድናላችሁ።

ለጤነኞች ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በውኃና በጥቂት ነገር ጀምሩ፤ ዕረፉ፤ ከዚያ በልክ ተመገቡ። ሌሊቱን ለጸሎትና ለእንቅልፍ ተዉት። ጾም የተሠራው ለነፍስ ነው፤ ከማዕድ የተረፈውን ለነዳያን ስንሰጥ ደግሞ ፍጹም ይሆናል። በባዕድ አገር ሆነው ጾማቸውን የሚጠብቁትን እኅቶቻችንንና ወንድሞቻችንን በጸሎታችሁ አስቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።