የሚስተር ስቲቨንሰን ጫማ

እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ሰው አቀርቅሮ ወረቀት ይመለከታል። የቀኝ ጫማው ሶል በቀጥታ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ከሶሉም መካከል ተበልቶ ያለቀ ቀዳዳ ይታያል። የድሮ የምርጫ ዘመቻ ፎቶግራፎችን በሸራ ላይ አትሞ ለግድግዳ ጌጥ መሸጥ ዛሬ የተለመደ ንግድ ስለሆነ፣ ይህን ሥዕል እንዲህ ተሰቅሎ የሚያገኘው ሰው «ምስኪን! ጫማ እንኳ የለው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። እኛ ዘንድማ በታላላቆች ፊት እግር ማነባበሩ ራሱ ነውር ነው፤ ሶልን ወደ ሰው ማዞሩ ይቅርና።

ሰውዬው ግን ምስኪን አልነበሩም። አድላይ ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1952 የኢሊኖይ አገረ ገዥና የዲሞክራት ፓርቲ የፕሬዚደንትነት እጩ ነበሩ። አያታቸው በክሊቭላንድ ዘመን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚደንት የነበሩ ሲሆን፣ እርሳቸውም በፕሪንስተን የተማሩ የሕግ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር መጀመሪያ በዋለው የሠራተኞች በዓል፣ የአውቶሞቢል ሠራተኞች ከተማ በነበረችው በፍሊንት፣ ሚቺጋን፣ ከግዛቱ አገረ ገዥ ከሜነን ዊልያምስ ጋር መድረክ ላይ ተቀምጠው ነበር። የፍሊንት ጆርናል ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ዊልያም ጋላገር ከመድረኩ ግርጌ ተንበርክኮ ሳለ ቀዳዳዋን አያት። ትኩረት እንዳይስብ ካሜራውን ዝቅ አደረገና በመመልከቻው እንኳ ሳያይ ተጫነው። በ1953 በዚህ ፎቶግራፍ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። (በኛ ዶርሚቶሪ ካርቶን ቆርጦ ጫማው ውስጥ ያነጠፈ ሁሉ ዓመቱን በዝምታ ያሳልፋል፤ ፎቶግራፍ አንሺም አይመጣለትም።)

ፎቶግራፉ ለምን ይህን ያህል ወሬ ሆነ? ለምን ቢሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው ሚስተር ስቲቨንሰንን ምሁርነት አብዝተዋል በማለት «እንቁላል ራስ» እያሉ ያፌዙባቸው ነበርና ነው። ቀዳዳዋ እኚያን ምሁር ከሠራተኛው ጎን አስቀመጠቻቸው፤ አንድ ንግግር ሊያደርገው የማይችለውን በአንድ ጠቅታ አደረገች። የዘመቻው ሰዎችም ዕድሉን አላባከኑትም። ቀዳዳ ያለባት የጫማ ሶል ቅርጽ በትንሹ አሠርተው ደጋፊው ደረቱ ላይ እንዲሰካት አደረጉ። በአጋጣሚ የተገኘው ነገር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታስቦበት የሚሠራ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው። ዳሩ ግን በኖቬምበር ጄኔራል አይዘንሃወር 442 የመራጮች ድምፅ ሲያገኙ፣ ለሚስተር ስቲቨንሰን የደረሳቸው 89 ብቻ ነበር። የገዛ ግዛታቸው ኢሊኖይ እንኳ አልመረጠቻቸውም።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከጥጥ ወይም ከፖሊስተር የተሸመነው ሸራ ቀለም እንዲይዝ ነጭ ቅብ ይቀባል፤ ከዚያ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማተሚያ ቀለሙን በጥቃቅን ጠብታ ይረጭበታል፤ ሲደርቅ ቫርኒሽ ይቀባና በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ከጀርባ ይመታል። የሥዕሉ ጠርዝ በክፈፉ ጎን ስለሚታጠፍ ከአራቱም ወገን ጥቂት ጥቂት ከፊት ይጠፋል፤ ያላሰበበት አታሚ እግር ወይም እጅ ሊያጥፍ ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን ምንጩ ነው። ከመጀመሪያው ፊልም ወይም ከጥሩ ወረቀት የተወሰደ ከሆነ የሶሉ ቆዳ ስንጥቅ ሳይቀር ይለያል። ከጋዜጣ ገጽ የተወሰደ ከሆነ ግን፣ ጋዜጣ ጥቁርና ግራጫን የሚያሳየው በነጠብጣብ ስለሆነ፣ ሥዕሉ ሲተልቅ ነጠብጣቡም አብሮ ይተልቃል። ያን ጊዜ የሸራው ሽመን ይደርስለታል፤ ጉድለቱን ይሸፍንና ሥዕሉ በብሩሽ የተሣለ ያስመስለዋል። ይህን ውበት የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን አልወደውም። ፎቶግራፉ ዋጋ ያገኘው ማንም ያልሣለው፣ በእርግጥ የታየ ቀዳዳ ስለሆነ ነውና።

በሸራው ላይ የማይታተመው ደግሞ ከፎቶግራፉ ሥር የነበረው ጽሑፍ ነው። በጋዜጣ ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ነበረው፤ ሳሎን ሲገባ ግን ሽንፈቱም፣ ሀብቱም፣ ፍሊንትም ይቀራሉ፤ ድህነት የሚመስል ነገር ብቻ ይተርፋል። ሥዕል ያለ እውነተኛ መግለጫ ምን እንደሚያደርግ ራሳቸው ሚስተር ስቲቨንሰን ኋላ በመራራ መንገድ ተማሩት። በኤፕሪል 1961፣ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ ልዑክ ሳሉ፣ ኩባን የደበደበው አይሮፕላን ከከዱ የኩባ አብራሪዎች የመጣ ነው ብለው ፎቶግራፍ አንሥተው ለጉባኤው አሳዩ። አይሮፕላኑ እውነተኛ አይሮፕላን ነበር፤ የኩባ ምልክት ግን የቀባበት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ነው፤ ይህንም ለእርሳቸው አልነገሯቸውም ነበር። በ1956 እጩን እንደ ቁርስ ምግብ ለገበያ ማቅረብ ዲሞክራሲን ማዋረድ ነው ብለው የተናገሩትም እኚሁ ሰው ናቸው፤ ዛሬ በሸራ የሚሸጠው የእርሳቸው ጫማ ነው።

ይህን ሸራ የሚገዛ ወይም በስጦታ የሚቀበል ጓደኛ ቢኖር፣ ከጀርባው በክፈፉ እንጨት ላይ እርሳስ በደንብ ይጽፋል፦ አድላይ ስቲቨንሰን፣ ፍሊንት፣ 1952፣ አንሺው ዊልያም ጋላገር፤ በምርጫው ተሸነፉ።