የጅቡቲ ማዘጋጃ ቤትና የእኩል ዕድል ሒሳብ

ከቀትር በኋላ ጫቱ ከኢትዮጵያ ሲደርስ በጅቡቲ ከተማ መንገዶች ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ጫቱ እንዳይጠወልግ በእርጥብ ጆንያ የሚሸፍኑት፣ ለደንበኛ ዱቤ የሚሰጡት፣ ማን ምን ያህል እንዳለበት በቃላቸው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ይህን የሚያህል ገበያ የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች የመንግሥት ወንበር ላይ ለመድረስ ግን ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል። አገሪቱ ነጻ ከወጣችበት ከ1977 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሐዋ አህመድ ዩሱፍ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነው እስከተሾሙበት እስከ 1999 ድረስ ካቢኔው የወንዶች ብቻ ነበር። በምክር ቤቱም እስከ 2003 አንዲት ሴት አልተመረጠችም።

በሩን የከፈተው በ2002 የወጣው የኮታ ሕግ ነው። ሕጉ በአጭሩ በምርጫ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ከሁለቱ ጾታዎች የአንዱ ድርሻ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም ይላል። አሥር በመቶ ትንሽ ነው፤ የሠራው በምርጫ ሥርዓቱ ምክንያት ነው። በወቅቱ በአንድ የምርጫ ክልል ያሸነፈ ዝርዝር የክልሉን መቀመጫ በሙሉ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹን ከዝርዝሩ ግርጌ አስቀምጦ መሸሽ አልተቻለም፤ ዝርዝሩ ካሸነፈ ግርጌ ያለችውም ትገባለች። በ2003ቱ ምርጫ ገዥው ጥምረት 65ቱንም መቀመጫ ሲወስድ ሰባት ሴቶች አብረው ገቡ። ተቃዋሚውን ከምክር ቤት ያስቀረው ሥርዓት ለሴቶቹ በር መክፈቱ የፖለቲካ ምጸት ነው። በ2018 ዝቅተኛው ድርሻ ወደ 25 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ምርጫም ከምክር ቤቱ አባላት ሩብ ያህሉ ሴቶች ሆኑ። ሕጉ ከምርጫ አልፎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ከፍተኛ ሹመትም ይነካል።

ከተማዋ ራሷን ማስተዳደር የጀመረችው ደግሞ የኮታ ሕጉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። በ1991 የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት በ2001 ስምምነት ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ ሥልጣን ወደ ታች ይውረድ የሚለው ጥያቄ የስምምነቱ አካል ነበር። የጅቡቲ ከተማን አቋም የሚወስነው ሕግ በ2005 ወጣ፤ በ2006 ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ የተባሉት ሦስቱ ኮሚዩኖች (ክፍለ ከተሞች) ምክር ቤቶቻቸውን መረጡ። በ2017 ከንቲባ የሆኑት ሴት ነበሩ፤ ወይዘሮ ፋቱማ አዋሌ ኡስማን።

ታዲያ ሴት ከንቲባ ከሆነች ሥራው አለቀ ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም። ኮታ የሚቆጥረው ወንበር ነው። የእኩል ዕድል ሥራ የሚሠራው ግን ከወንበሩ በታች፣ በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው፤ ማስታወቂያው የት ተለጠፈ? ፈተናውን ማን አወጣ? ዕድገቱ ለማን ደረሰ? ቅሬታ ያቀረበው ሰው ከዚያ በኋላ ምን ደረሰበት? አሰልቺ ጥያቄዎች ናቸው፤ ፎቶ የሚነሳላቸውም የለም።

ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የተደራጀው በአሜሪካ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ በቅጥር አድልዎን ሲከለክል የግል አሠሪዎችን እንጂ ማዘጋጃ ቤቶችን አላሰረም ነበር። ፖሊስ፣ እሳት አደጋ፣ የቆሻሻ ማንሻ፣ የመዝገብ ክፍል፣ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ሲቀጥሩ ቆዩ። በ1972 ማሻሻያው ሲመጣ የከተማ አስተዳደሮችም ሕጉ ውስጥ ገቡ፤ ከተወሰነ የሠራተኛ ብዛት በላይ ያላቸውም ሠራተኞቻቸውን በሥራ ዓይነት፣ በደመወዝ እርከን፣ በዘርና በጾታ ከፍለው ቆጥረው ሪፖርት እንዲያደርጉ ተገደዱ። ቆጠራው ዋና ነገር ነው። በድምሩ ግማሹ ሠራተኛ ሴት የሆነበት ከተማ በእርከን ሲዘረዘር ሴቶቹ መጥረጊያ ይዘው፣ ወንዶቹ ማህተም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው ትምህርት በ1971 ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጣ ነው። በሰሜን ካሮላይና የሚገኝ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ለተሻለ የሥራ መደብ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማና የጽሑፍ ፈተና ይጠይቅ ነበር። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ጥቁር ሠራተኞችን ግን በገፍ ይጥላል፤ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነትም አልተረጋገጠም። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለ መስፈርት ክፉ ሐሳብ ባይኖርበትም እንኳ አድልዎ ነው ሲል ወሰነ። ለሁሉም እኩል የሆነ ፈተና ለሁሉም ፍትሐዊ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ወደ ጅቡቲ እናምጣው። የ1992 ሕገ መንግሥት ዜጎች በቋንቋ፣ በትውልድ፣ በዘር፣ በጾታና በሃይማኖት ሳይለዩ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና አረብኛ ናቸው፤ በቤት የሚነገሩት ግን በብዛት ሶማሊኛና አፋርኛ። የገበያ ተቆጣጣሪ ሊሆን የሚመጣ ወጣት ከነጋዴዎቹ ጋር የሚጨቃጨቀው በሶማሊኛ ወይም በአፋርኛ ነው። እርሱን በፈረንሳይኛ ድርሰት መፈተን የሚለካው የተማረበትን ትምህርት ቤት እንጂ የሚሠራውን ሥራ አይደለም። ለመዝገብ ክፍል ጸሐፊ ደግሞ ፈረንሳይኛው እውነተኛ መስፈርት ነው። የእኩል ዕድል ኃላፊ የሚባለው ሰው ደመወዝ የሚበላው ይህን ልዩነት መደብ በመደብ ለይቶ ለፈተና ኮሚቴው ለመንገር ነው።

ሌላው ሰፈር ነው። ባልባላ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ ያደገች ናት። ፈረንሳዮች በ1966ቱ ሁከት ማግስት ከተማዋን በሽቦ አጥር ሲከቡ ወደ ውስጥ መግባት ያልተፈቀደለት ሰው ከአጥሩ ውጭ በቆርቆሮና በጣውላ ቤት ሠራ። ዛሬ ባልባላ ከሦስቱ ኮሚዩኖች አንዷ ናት፤ ሕዝቧም ብዙ ነው። አጥሩ ፈርሷል። ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያ መሀል ከተማ ባለ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በጥቂት ቀን ከተዘጋ፣ ለባልባላ ልጅ አጥሩ ዛሬም እንደቆመ ነው። ማስታወቂያውን በሬዲዮ በአራቱም ቋንቋ ማስነገርና ማመልከቻ በየኮሚዩኑ መቀበል ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከማንኛውም ሥልጠናና ዐውደ ጥናት በፊት ይህ ቢደረግ እመርጣለሁ።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ጅቡቲ የተባበሩት መንግሥታትን ስምምነት በ2012 አጽድቃለች፤ በ2018 ደግሞ ጉዳዩን የሚከታተል ብሔራዊ ኤጀንሲ አቋቁማለች። እዚህ ላይ ከእኛም የሚወሰድ አለ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 568/2000 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አካል ጉዳተኛ ተገለልኩ ብሎ ሲከስ አድልዎ አለመፈጸሙን የማስረዳቱን ሸክም ወደ አሠሪው ያዞራል። የቅጥር ቃለ ጉባኤ፣ የፈተና ወረቀትና የውጤት ሠንጠረዥ ያለው ቢሮው ነውና ከአመልካቹ ማስረጃ መጠበቅ በሩን ከውስጥ እንደመዝጋት ነው። አዋጁ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደዋለ ሌላ ጥያቄ ነው። በየወረዳችን ደረጃ እንጂ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ የሌላቸውን ሕንጻዎች ያየ መልሱን ያውቀዋል።

ጅቡቲ የላይኛውን ፎቅ በኮታ ከፍታለች፤ ሠርቷልም። የቀረው ምድር ቤቱ ነው። ለዚያ አዲስ ሕግ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የሚያስፈልገው የከተማዋን ሠራተኞች በእርከን፣ በጾታ፣ በኮሚዩንና በአካል ጉዳት ለይቶ በየዓመቱ የሚቆጥር፣ ቁጥሩንም ለከተማው ምክር ቤት የሚያቀርብ አንድ ኃላፊ ነው። ተጠሪነቱም ቅጥር ለሚፈጽመው ክፍል ሳይሆን ለከንቲባው ይሁን። አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ያላችሁ የምክር ቤት አባላትም ይህንኑ ሠንጠረዥ ከማዘጋጃ ቤቶቻችሁ ጠይቁ።