365 ኪሎ ሜትር ያለ ማደያ

በሰሜን ህንድ ከማናሊ ወደ ሌህ የሚወስደው የሂማላያ መንገድ በሞተር ሳይክል ብቻውን ለሚጓዝ ሰው የሒሳብ ፈተና ነው። ታንዲ ያለው ማደያ ቀጣዩ ማደያ 365 ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ለዓመታት ተክሎ ቆይቷል።

15 ሊትር የሚይዝ ሞተር በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 375 ኪሎ ሜትር ያደርሳል፤ መጠባበቂያው 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጀሪካን የግድ ነው። ሮያል ኢንፊልድ ኩባንያ ይህን ገበያ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ባለ 15 ሊትሩን «ሂማላያን» አቀረበ፤ በ2023 የወጣው አዲሱ ሞዴል 17 ሊትር ይይዛል።

ድንኳን ተክሎ ሜዳ ላይ ማደር የአልጋ ኪራይ ያስቀራል። አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር አይመክሩም። ከኬይሎንግ ተነስቶ ሳርቹ ሜዳ የሚያድር መንገደኛ ግን በአንድ ቀን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። የከፍታ በሽታ ሲጠና አእምሮን ያደናግራል፤ ጓደኛ ያለውን «እንውረድ» የሚለው ሰው አለ፤ ብቸኛውን ግን ማንም አያየውም።

ነጋዴ ካለ መጠባበቂያ ገበያ አይወጣም። የብቸኛ ተጓዥ መጠባበቂያም ሁለት ነው፤ ትርፍ ቤንዚንና ትርፍ ቀን። ከሁለቱ ውዱ ቀኑ ነው።