ቀብዱ ይቅደም፦ የቁይ ሸማኔና የፍትሐዊ ንግድ ስሌት

በምሥራቅ ጎጃም፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፣ አንድ ጋቢ ገበያ እስኪወጣ በብዙ እጅ ያልፋል። ጥጡ በመዳመጫ ይፈለቀቃል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ከዚያ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። ገበያ ላይ ዋጋ ሲቆረጥ ግን የሚቆጠረው የክሩ ዋጋና ቢበዛ የሽመናው ድካም ነው። የፈታይዋን ቀናት የሚያነሳ የለም።

ፈትሏን ይዛ መጥታ ለምታሠራ ደንበኛ ሸማኔው የእጁን ዋጋ ብቻ ስለሚቀበል ብዙም አይጎዳም። የሚጎዳው በራሱ ገንዘብ ጥጥና ድር ገዝቶ ለገበያ የሚሠራው ነው። ቁጥሮቹን ለስሌት ያህል ብቻ እንውሰድ። ጋቢው 3,000 ብር ይሸጣል፤ ጥጡና ክሩ 1,400 ብር ፈጅቷል እንበል። የሚተርፈው 1,600 ብር ነው። ሚስት 12 ቀን ፈትላ፣ ባል 4 ቀን ሸምኖ ከሆነ ለእያንዳንዱ የሥራ ቀን 100 ብር ይደርሳል። አሁን ቤተሰቡ ለማዳበሪያ ወይም ለልጆች ደብተር ገንዘብ ቸግሮት ጋቢውን በ2,500 ብር ጣለው እንበል። ዋጋው የወረደው በአንድ ስድስተኛ ብቻ ነው፤ የቀን ገቢው ግን ወደ 69 ብር ወርዶ ሲሶ ያህሉን ያጣል። የጥጡ ዋጋ ስለማይቀንስ የዋጋ ቅናሽ ሁሉ የሚያርፈው በሠራተኛው ጉልበት ላይ ነው።

ስለዚህ የሸማኔው ችግር የዋጋ ማነስ ብቻ ሳይሆን መጠበቅ አለመቻሉም ነው። ጋቢ የሚፈለገው በበዓላትና በሠርግ ወራት ነው፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው ደግሞ በሰኔና በሐምሌ ነው። በዚህ መሐል ያለውን ጊዜ የሚሸከመው ጥሪት ያለው ነጋዴ ስለሆነ ትርፉም ወደ እርሱ ይሄዳል።

ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው አሠራር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው የውጭ አገር ደንበኛ በርኅራኄ ጥቂት ጨምሮ መክፈሉ ይመስለዋል። የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ካወጣቸው 10 መርሆች ውስጥ ግን ለዕደ ጥበብ ሠራተኛ ከሁሉ የሚጠቅመው አንድ ድንጋጌ አለ፤ ሠራተኛው ከጠየቀ ገዢው ቢያንስ 50 በመቶውን ያለ ወለድ አስቀድሞ ይከፍላል። በስሌታችን ይህ 1,500 ብር ነው፤ የጥጡንና የክሩን ወጪ ሸፍኖ 100 ብር ይተርፋል። ቤተሰቡ ሳይበደር ይሠራል፤ ዋጋው አስቀድሞ ስለተቆረጠም በችግር ቀን አይጥለውም።

የእጅ ሥራን በክብር የሚሸጡ ምሳሌዎችም አሉ። በፔሩ የአንዲስ ተራሮች፣ በኩስኮ አካባቢ፣ ኒልዳ ካያኛውፓ የተባለች ሸማኔ ከሌሎች ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ1996 የባህላዊ ሽመና ማዕከል መሥርታለች። በዚያ ሸማኔዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ አሮጊቶች ለወጣቶች ጥለቱን ያስተምራሉ፣ ጨርቁም የሠሪዋ ማንነት ታውቆ ይሸጣል። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የተመሠረተው ሳባሃር በእጅ የተፈተለ ጥጥና ሐር በእጅ አሸምኖ ወደ ውጭ ይልካል፤ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አባልም ነው። ከሳባሃር የምንማረው ትልቁ ነገር እንዝርት ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ነው።

የውጭ ገበያ ሁሉን እንደማይፈታም ማወቅ ይገባል። የውጭ ገዢ እኩል ስፋት፣ የማይለቅ ቀለም፣ በቀኑ የሚደርስ ዕቃ ይፈልጋል፤ መንገድና ስልክ በተቋረጠ ጊዜ ይህን መጠበቅ ይከብዳል። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚሸጥ ላኪ በብር ያገኘው ጭማሪ ትልቅ ነው፤ ውሉ በብር የተቆረጠለት ሸማኔ ግን ከዚያ ምንም አይደርሰውም። ምንዛሬው ሲለወጥ ዋጋው እንደገና የሚታይበት አንቀጽ የሌለው ውል ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

መልካሙ ነገር የፍትሐዊ ንግድ ልብ የሆነው ቅድሚያ ክፍያ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ቀብድ እንለዋለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ያውቀዋል፤ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ሁለቱንም ወገን የሚያስር ሕግ በእጃችን አለ ማለት ነው። ገዢው «ሸማኔው ገንዘቤን ይዞ ቢቀርስ?» ብሎ ቢሰጋ፣ በቡድን ዋስትና ማበደር በክልላችን የኖረ ልምድ ነው፤ የዛሬው ፀደይ ባንክ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በነበረበት ዘመን ስንት ገበሬ በዚያ መንገድ ተበድሯል።

አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ቀርቶ ድካሙን በነጻ መውሰድ ከቀጠለ ክብሩ ግማሽ ነው። ስለዚህ የደብረ ማርቆስና የአዲስ አበባ የሸማ ነጋዴዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለዘመድ ጋቢ የምታሠሩ በውጭ ያላችሁ ወገኖች፦ ለመጪው በዓል የምትፈልጉትን ከወዲሁ እዘዙ፣ ግማሹን ቀብድ ስጡ፣ ዋጋ ስትቆርጡም የፈተለችውን እናት ቀናት አብራችሁ ቁጠሩ።