ሚሊሻ ፖሊስ ነው እንዴ?

ባለፈው በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ «ሚሊሻ ፖሊስ ነው ወይስ ወታደር?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሳይቋጭ ደወል ተደወለ። እኔ አጎቴ ሚሊሻ ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝና ትልልቅ ሰዎችን ጠየቅሁ፣ ቤተ መጻሕፍትም ገብቼ አነበብኩ። መልሱ ባጭሩ ሁለቱንም አይደለም ነው። ሚሊሻ ከቀበሌው ሰው መካከል ተመርጦ መሣሪያ የያዘና ፖሊስን የሚያግዝ ገበሬ ነው። አጎቴ እንደ ፖሊስ ወር ጠብቆ የሚቀበለው ደመወዝ የለውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በድሮ ጊዜ በጎጃም የአጥቢያውን ጸጥታ የሚጠብቀው ጭቃ ሹም ነበር። ሹመቱ በርስተኞች መካከል በተራ ስለሚዞር ዘንድሮ የሚያዘው ሰው ለከርሞ ታዛዥ ይሆናል። ሌባው ካልታወቀ ደግሞ አፈርሳታ ይወጣል፤ አውጫጭኝም ይሉታል። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። አያቴ እንደነገሩኝ ሰው ደፍሮ «እገሌ ነው» ስለማይል ጥቆማው የሚመጣው በ«ወፍ» በኩል ነው። ወፍ ማለት ስሙ የማይገለጽ ጠቋሚ ነው። እናቴ «ወፍ ነገረችኝ» የምትለው ትዝ አለኝና ሳቅሁ።

ጣልያን ከተባረረ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ አዋጅ ወጣ። ፖሊስ ግን ለገጠሩ አልተዳረሰም። ገጠር ውስጥ ያግዝ የነበረው ነጭ ለባሽ ነው። የደንብ ልብስ ስለሌለው ያው ነጩን ያገር ልብሱን ለብሶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ይወጣል። ሽፍታ ሲነሳ ይጠራል፣ ሲያልቅ ወደ እርሻው ይመለሳል። ያኔ እኛ በአገው ምድር አውራጃ ሥር ነበርን፣ ዋና ከተማውም ዳንግላ። ከግምጃ ቤት ዳንግላ በእግር አስቡት! ፖሊስ እስኪመጣ ሌባው የት በደረሰ።

በደርግ ጊዜ፣ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፣ በኋላም የራሳቸው የጥበቃ ጓድ ኖራቸው። ሚሊሻ የሚለው ቃል በየቤቱ የገባው ግን በ1969 ዓ.ም. ነው። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲመጣ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ታጠቅ ጦር ሠፈርና ሌላም ቦታ ሰልጥኖ ዘመተ። የዚያ ሚሊሻ ሥራ ውጊያ ነበር። ስለዚህ «ወታደር ነው» ያሉት ጓደኞቼ ዝም ብለው አልተናገሩም። አያቴም ሚሊሻ ሲባል ቀድሞ የሚታያቸው ኦጋዴን ነው።

የአሁኑ ሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ አደራጅተው ጸጥታቸውን እንዲያስጠብቁ ይላል፤ ሚሊሻ በቀበሌ ደረጃ የዚህ አጋዥ ነው። አጎቴ በገበያ ቀን ይቆማል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳል፣ ሌሊት ሮንድ ይወጣል። እኛ አገር ደግሞ የሚሰረቀው ከብት ብቻ አይደለም። ድንቹም ከማሳ ይቆፈራል፣ ዲከረንሱም በሌሊት ይቆረጣል።

ሚሊሻ የማይችለውን ማወቅም ያስፈልጋል። ምርመራ የፖሊስ ነው፣ ቅጣት የፍርድ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ማንም መያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል፣ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። የተያዘውም ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። እንግሊዝ አገርም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኛ ፖሊሶች አሉ፤ እነሱ ግን የደንብ ልብስ ለብሰው እንደ ፖሊሱ ሙሉ ሥልጣን አላቸው።

አጎቴን «ከሁሉም የሚከብድህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሌሊቱን ወይም ብርዱን ይላል ብዬ ነበር። «የምይዘው ሰው ጎረቤቴ መሆኑ» አለኝ። ፖሊስ ይቀየራል፣ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። አጎቴ ግን የያዘውን ሰው በማግስቱ ወፍጮ ቤት ያገኘዋል፣ ለቅሶ ላይ አብሮት ይቀመጣል። አምና አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ልትዳር ነው ተባለ። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። መምህራን ለቀበሌው ተናገሩ፣ አጎቴና ፖሊስ አብረው ሄዱ። አጎቴ እኮ ለዚያው ሠርግ ተጠርቶ ነበር! ሠርጉ ቀረ። ስሟን መጻፍ አይገባኝም፣ ግን ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት። አባቷ ለአጎቴ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉትም፣ አጨዳ ሲደርስም ለደቦ አልመጡለትም።

እናንተስ ቀበሌ ሚሊሻ የሚመረጠው እንዴት ነው? አያቶቻችሁ ነጭ ለባሽ ወይም አፈርሳታ ያስታውሱ እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉልን፤ የክበቡ ሳጥን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ነው። ቸር ይግጠመን።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 8ኛ ለ