ሚያዝያ 27፤ የኀዘንና የደስታ ቀን

ከዓመቱ ቀኖች መካከል አንዳንዶቹ አንድ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ታሪክ ተሸክመው ይገኛሉ። ለኢትዮጵያ ከእነዚህ ቀኖች አንዲቱ ሚያዝያ 27 ናት። በዚህች ቀን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ልክ አምስት ዓመት ሲሞላ፥ በ1933 ዓ.ም. በዚያችው ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዪቱ ገቡ። አንዲት ቀን የኀዘንም የደስታም መታሰቢያ የሆነችው እንዴት ነው? ሕዝብስ ከብዙ ቀኖች መካከል ይህችን መርጦ የሚያከብራት ስለ ምንድን ነው? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመልከት።

ከተማዪቱ የወደቀችበት ቀን

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት የኢትዮጵያ ሠራዊት ድል ከተነሣ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ለኢጣልያ ጦር ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማሰማት ሚያዝያ 24 ቀን ገና ሳይነጋ በባቡር ወደ ጅቡቲ ጕዞ ጀመሩ። ከተማዪቱም ጠባቂ ስላጣች ሱቆች ተዘረፉ፥ ቤቶች ተቃጠሉ፤ የውጭ አገር ሰዎችም በየሌጋሲዮኑ ግቢ ተጠለሉ።

ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን ከቀትር በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ይዞት የመጣውን፥ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ያሉትን ጦር እየመራ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ምሽት ሙሶሊኒ በሮማ ከተማ ከፓላሶ ቬኔሲያ ሰገነት ላይ ቆሞ ጦርነቱ መፈጸሙንና ኢትዮጵያ የኢጣልያ መሆኗን ለተሰበሰበው ሕዝብ አሰማ።

ነገር ግን ጦርነቱ አልተፈጸመም ነበር። ባዶሊዮ ከመግባቱ በፊት በዋዜማው፥ ሚያዝያ 26 ቀን፥ ኃይለ ማርያም ማሞ የተባሉት ጀግና ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው በጫጫ ላይ ያንኑ የጠላት ጦር አድፍጠው ወግተውታል። የአዲስ አበባ የፖሊስ አዛዥ የነበሩት፥ በኋላ ራስ የተባሉት አበበ አረጋይም፥ ተከታዮቻቸውን ይዘው ወደ ዱር ገቡ። ስለዚህ ያች ቀን የከተማዪቱ መውደቂያ ብትሆንም የአርበኝነቱ ተጋድሎ ከእርሷ አንድ ቀን ቀድሞ መጀመሩን ልብ ማለት ይገባል። ተጋድሎውም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ እንደ ደረሰው ያለ ታላቅ ጭፍጨፋ እንኳ ሳይገታው አምስት ዓመት ቆየ።

ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ቀን

ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ፤ ሰንደቅ ዓላማውንም በዚያ ሰቀሉ። ከዚያም በጎጃም አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። የሚያስገርመው፥ በዚያችው በመጋቢት 28 ቀን የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ በኩል መጥቶ አዲስ አበባን ተረክቧል። እንዲህ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ በሳምንቱ እንኳ ስለ ምን አልገቡም? የእንግሊዝ የጦር አዛዦች በከተማዪቱ የነበሩት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣልያውያን ሴቶች፥ ሕፃናትና ወንዶች የበቀል አደጋ እንዳይደርስባቸው ስለ ሠጉ ጕዞውን አዘገዩት። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ሳምንታት በደብረ ማርቆስ መቆየት ግድ ሆነባቸው።

በመጨረሻም ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን በእንጦጦ በኩል መጡ። በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው ቁልቁል ወደ ከተማዪቱ ወረዱ፤ የአርበኞች ሠራዊትም በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ተቀበላቸው። የጠላት መግቢያ በነበረችው ቀን ባለ አገሩ መግባቱ እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ የሆነ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ትርጕሙም ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን በዚያ ዕለት ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ለክፉ ክፉ እንዳይመልስ፥ ጠላቱ በፈጸመው ዓይነት ግፍም እጁን እንዳያረክስ አሳሰቡ። እንግሊዞች ፈርተውት የነበረው አጠቃላይ በቀልም አልደረሰም። ከዚያች ቀን ታሪክ ከሰልፉና ከሰንደቅ ዓላማው ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ምናልባት ይህ ነው።

ድሉ የማን ነው?

በታሪክ መዝገብ ብቻ ብንሄድ ሌሎች ቀኖችም የድል ቀን ለመባል ይችሉ ነበር። ከተማዪቱ ከጠላት እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው። የመጨረሻው የኢጣልያ ታላቅ ጦር በጎንደር እጁን የሰጠው ደግሞ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 በእነዚህ በሁለቱ መካከል የምትገኝ እንጂ የጦርነቱ መደምደሚያ አይደለችም።

በዚህም ምክንያት ቀኒቱ ክርክር ሳይነሣባት አልቀረም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት በዓሉን ከሚያዝያ 27 አንሥቶ ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ሚያዝያ 27 የንጉሡ መመለሻ ስለ ነበረች ይህ ለውጥ በዓሉን ከዘውዱ የሚለይ ነበር። ሆኖም መጋቢት 28 አዲስ አበባን የተረከበው የውጭ አገር ጦር ስለ ነበረ፥ አዲሱ ቀን የአርበኛውን ድል ለሌላ የሚሰጥ መስሎ የሚታይበት መንገድ አለ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በዓሉ ወደ ቀድሞ ቀኑ ተመለሰ፤ ዛሬም የአርበኞች ቀን እየተባለ ይከበራል። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ በሚገኘው በሚያዝያ 27 አደባባይ በየዓመቱ ለሐውልቱ የአበባ ጕንጕን ይቀርባል።

በሌላ አገርስ?

ይህችን ቀን የነጻነት በዓል አድርጎ የሚያከብር ሌላ አገርም አለ፤ እርሱም ሆላንድ ነው። የጀርመን ጦር ሆላንድን የወረረው ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ነበር። ንግሥት ዊልሄልሚናም ወደ ሎንዶን ተሰደዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 27 ቀን 1937 ዓ.ም.፥ በዚያ አገር የነበረው የጀርመን ጦር እጁን ስለሚሰጥበት ሁኔታ በቫኽኒንገን ከተማ ንግግር ተደረገ። ሆላንዶች በዋዜማው ማታ ለሞቱት ሁለት ደቂቃ በዝምታ ይቆማሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ነጻነታቸውን በደስታ ያከብራሉ። እነርሱ ኀዘኑንና ደስታውን ለሁለት ቀን ከፍለውታል፤ ለኢትዮጵያ ግን ሁለቱም በአንዲት ቀን ውለዋል።

ስለ ቀን አቈጣጠር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ዛሬ ሚያዝያ 27 ከአውሮፓውያን ሜይ 5 ጋር ይገጥማል። ናፖሌዎን በስደት የሞተው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1821 ሜይ 5 ነው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ግን ያ ዕለት ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ዓ.ም. ነበር። ምክንያቱም አውሮፓውያን በ1900 ዓመት ለየካቲት ወራቸው የሚጨመረውን ቀን ስለ ተዉና ኢትዮጵያ ስድስተኛዋን ጳጕሜን በየአራት ዓመቱ ሳታቋርጥ ስለምትጨምር፥ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። የአድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በሆነ ጊዜ በአውሮፓውያን ዘንድ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 በማርች 2 ይውላል። ስለዚህ የሁለት አገር ታሪክ በአንድ ቀን ዋለ ከማለት በፊት ዘመኑን መመርመር ያስፈልጋል።

ቀን በራሷ አትናገርም፤ ትርጕም የሚሰጧት ሰዎች ናቸው። ሚያዝያ 27ን ጠላት የራሱ የድል በዓል ሊያደርጋት አስቦ ነበር። አርበኞችና ስደተኞች ግን ቀኒቱን መልሰው የአገራቸው አደረጓት። ይህችን ቀን የሚያከብር ሁሉ 1933ን ብቻ ሳይሆን 1928ንም፥ በሁለቱም መካከል በዱር የወደቁትን አብሮ ቢያስብ በዓሉን በሙሉ አከበረ ማለት ነው።