ልጅዎ «የፊልም አዘጋጅ መሆን እፈልጋለሁ» ቢልዎትስ?



የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ለብዙ ዘመን የታወቀ ነበር፦ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ፣ ነጋዴ። (አስተማሪ የሚለው መልስ ከዝርዝሩ ከወጣ ቆይቷል፤ ይህን እኛ አስተማሪዎቹ ከማንም በተሻለ እናውቃለን።) አሁን አሁን ግን እዚህ ቦንጋም ጭምር «የፊልም አዘጋጅ» የሚል መልስ እየሰማን ነው። ልጁ ይህን በክፍል ውስጥ ሲናገር ጓደኞቹ ይስቃሉ። በቤቱ ሲናገር ግን የሚስቅ የለም። አባት «ሐራም ነው» ብሎ ወሬውን ይቆርጠዋል፤ እናት «ይኼ ደግሞ እንጀራ ይሆናል?» ትላለች፤ አጎት ከጅማ ደውሎ ይገሥጻል። ልጁም ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን ሐሳቡን ተወ ማለት አይደለም። ስልኩን ይዞ ጓዳ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያይና ከማን እንደሚማር ወላጅ አያውቅም።

ይህ ጽሑፍ ልጆቻችንን ወደ ሲኒማ ለመግፋትም ሆነ ከሲኒማ ለማባረር የታሰበ አይደለም። የአባትም የእናትም ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን፤ የሚያሳዝነው ጥያቄዎቹ በቁጣ ተጠይቀው ሳይመለሱ መቅረታቸው ነው።

ከአባት እንጀምር። የምስል ጉዳይ በዲናችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ምስል የሚሠሩትን በብርቱ የሚያስጠነቅቁ ሶሒሕ ሐዲሶች አሉ፤ ይህን ያልሰማ የመድረሳ ተማሪ የለም። ካሜራ ሲመጣ ግን ዑለማእ ሁሉ በአንድ ቃል አልተናገሩም። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ አዲስ ፍጡር መሥራት ሳይሆን ያለውን ጥላ መያዝ ነው በማለት የሚፈቅድ ጽሑፍ ጻፉ። የሳዑዲ ዐረቢያው ሼኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ ደግሞ ፎቶግራፍም በማስጠንቀቂያው ውስጥ ይገባል፣ ለመታወቂያ እንደሚያስፈልገው ያለ ግድ ካልሆነ በቀር አይፈቀድም የሚለውን አቋም ያዙ። ሼኽ ዩሱፍ አል-ቀርዳዊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ስለ ሐላልና ሐራም በሚናገረው ኪታባቸው ሲኒማን ለብቻው አንሥተው፣ መሣሪያው ራሱ ሳይሆን የሚሠራበት ነገር እንደሚታይ ገልጸዋል። ያስቀመጧቸው ገደቦችም ይዘቱ ከብልግናና ዲንን ከሚጻረር ነገር የጸዳ እንዲሆን፣ ከሶላትና ከሌላ ግዴታ እንዳያዘናጋ፣ ወንድና ሴት ያለ ልክ የሚቀላቀሉበት እንዳይሆን ነው።

እኛ ሙፍቲ አይደለንምና በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች መካከል አንፈርድም። አባት ግን «ሐራም ነው» ብሎ ከመነሣቱ በፊት ልጁን ይዞ ወደሚያምናቸው ሼኽ ቢሄድ፣ ሦስቱም ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ መልሱ የትኛውም ቢሆን ልጁ ጥያቄው እንደተከበረለት ያያል።

የካፋ ሰው ደግሞ በዚህ ነገር ላይ የሚያስታውሰው የራሱ ታሪክ አለው። ዛሬም በማንኪራ ጫካ ወፍ ዘራሽ ሆኖ የሚበቅለው ቡና ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ሲገባ አጥብቀው የያዙት ሱፊዮች ነበሩ፤ ሌሊቱን በዚክር ሲያድሩ እንቅልፍ ያባርርላቸው ነበር። ይሁን እንጂ በ917 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1511 መሆኑ ነው፣ የመካው ሹም ኻኢር በይ ዳኞችንና ዑለማእን ሰብስቦ ቡና እንዲከለከል አስወሰነ፤ የተገኘውም ቡና በአደባባይ ተቃጠለ። ጉዳዩ ካይሮ ሲደርስ ከሱልጣኑ የመጣው ትእዛዝ የከለከለው በቡና ሰበብ የሚደረገውን ያልተገባ ስብሰባ እንጂ መጠጡን አልነበረም። ክርክሩ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ዛሬ በረመዷን ሌሊት ቡና ሳይቀምስ ለተራዊሕ የሚነሣ የካፋ ሰው ስንት ነው?

ይህን ያነሣነው ፊልም እንደ ቡና ነው ለማለት አይደለም። በስኒ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ቡና ነው፤ በፊልም ውስጥ ያለው ግን እንደ ቀጂው ነው። ዕቃውንና በዕቃው የሚሠራውን ለይቶ መጠየቅ በእኛ ዘንድ የቆየ ልማድ መሆኑን ለማሳየት ያህል ነው። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበርና ፍርሃቱ የሙስሊሞች ብቻ እንዳልነበረ ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

በዚህ መንገድ ቀድሞን ያለፈውን ሰው ብዙ ቤተሰብ ስሙን ሳያውቅ ሥራውን ያውቃል። «አር-ሪሳላ» የተባለውን ፊልም በዒድ ሰሞን በቪዲዮ ያዩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። አዘጋጁ ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በሶርያዋ ሐለብ እ.ኤ.አ. በ1930 ተወለደ። ፊልም ለመማር ወደ አሜሪካ ሲሄድ አባቱ በአውሮፕላን ማረፊያ የሰጡት 200 ዶላርና አንድ ቁርኣን እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው በዚህ ፊልም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምስልም በድምፅም አልቀረቡም። ፊልሙ በሁለት ቋንቋ የተሠራ ሲሆን በእንግሊዝኛው ሐምዛን አንቶኒ ኩዊን፣ በዐረብኛው ዐብደላ ጌይስ ሆነው ተጫውተዋል። መንገዱ ግን አልተጠረገለትም። በሞሮኮ የጀመረው ቀረጻ ተቋርጦ ሊቢያ ውስጥ ተጠናቀቀ፤ ሶሐባዎች በተዋናይ መቅረባቸውን አጥብቀው የሚቃወሙ ዑለማእ ዛሬም አሉ። አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ2005 በዐማን ሆቴሎች ላይ በደረሰው የፍንዳታ ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ። ኢስላምን ለዓለም ለማስረዳት ዕድሜውን ያጠፋ ሰው በኢስላም ስም በሚነግዱ ሰዎች እጅ ማለፉ ልብ ይነካል።

በዚያው ፊልም ውስጥ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በነጃሺ ፊት ቆመው ከሱረቱ መርየም የሚቀሩበት ትዕይንት አለ። የሐበሻውን ንጉሥ የተጫወተው የበርሙዳ ተወላጁ ኧርል ካሜሮን ነው፤ የሐበሻውን ልጅ ቢላልን ደግሞ በዳካር የተወለደው ጆኒ ሴካ። ይህን ለወቀሳ አናነሣውም። እኛ ያልተረክነውን ሌላው ተረከልን፤ ምስጋና ይገባዋል። ግን እስከ መቼ ድረስ?

አሁን ወደ እናት ጥያቄ እንምጣ፤ እውነቱን ለመናገር ከባዱ ይህ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ከኢትዮጵያ የፊልም ሰዎች ሁሉ በዓለም ስማቸው የገነነ ናቸው። አባታቸው ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አገር ቤት መጥተው በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹት። «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላላገኙ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ አሳዩት። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ፤ ገንዘብ እየተለቀመለት እስኪጠናቀቅ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶ ነበር። ታዲያ በዚህ ሁሉ ዘመን ቤቱ በምን ኖረ? ፕሮፌሰሩ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ስሙ የገነነው ሰው እንኳ ጠመኔውን አልጣለም።

እንግዲህ እናት ይህን ትወቅ፦ የፊልም አዘጋጅ የወር ደመወዝ የለውም። ያሉት ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት በማስታወቂያ፣ የእርዳታ ድርጅቶች በሚያሠሩት ዘጋቢ ፊልም፣ በቴሌቪዥን ድራማና በሰርግ ቀረጻ ነው። በሰርግ ቀረጻ ማፈር አያስፈልግም፤ ያላለቀለትን የሙሽራ ፊት በደብዛዛ ብርሃን አሳምሮ ማውጣት የቻለ ልጅ ግማሹን ትምህርት ተምሯል። ሌላ ሙያ በእጁ የሌለው ልጅ ግን የመጣለትን ሁሉ ለመሥራት ይገደዳል፤ «ይህን አልሠራም» ማለት የሚችለው ሌላ እንጀራ ያለው ነው። ስለዚህ የእናት ጥያቄና የአባት ጥያቄ መጨረሻቸው አንድ ነው። ሐራሙን የሚተወው እንጀራ ያለው ልጅ ነውና።

ብዙ ልጆች አዘጋጅ ሲባል ወንበር ላይ ተቀምጦ «አክሽን!» የሚል ሰው ይመስላቸዋል። ሥራው ሌላ ነው። ጽሑፉን ያነባል፣ ትዕይንት በትዕይንት ይከፋፍለዋል፣ ተዋናይ ይመርጣል፣ ቦታ ያያል፣ ካሜራው የት እንደሚቆምና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ይወስናል፤ ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ ለወራት ከቅንብር ባለሙያው ጋር ተቀምጦ የቀረጸውን አብዛኛውን ይጥላል። ዝናብ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያስበው እሱ ነው፤ በካፋ ደግሞ ዝናብ የማይመጣበት ወር ጥቂት ነው። የዐስር ሶላት ደርሶ ብርሃኑ ሊሸሽ ሲል ሠራተኛውን የሚለቀው ወይም የሚያቆየውም እሱ ነው። ተዋናይ የታዘዘውን ይሠራል፤ የሚያዘው አዘጋጁ ነው። በእኛ አስተያየት ከፊልም ሙያዎች ሁሉ ለሙስሊም ልጅ የሚሻለውም የሚከብደውም ይህ በመሆኑ፣ «ፊልም ውስጥ ልግባ» ከሚል ልጅ ይልቅ «አዘጋጅ ልሁን» የሚለው የበለጠ ሊደመጥ ይገባዋል እንላለን።

ንጹሕ ፊልም ሰው አያየውም የሚሉ አሉ። ኢራናዊው መጂድ መጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 «የገነት ልጆች» የሚል ፊልም ሠራ። አንድ የቴህራን ልጅ የእህቱን ጫማ አሠርቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ድሃ ነውና ሊነግሩት አይደፍሩም፤ ስለዚህ እሷ በጠዋቱ ፈረቃ የእሱን ጫማ አድርጋ ትማራለች፣ እሱ መንገድ ላይ ጠብቋት ተቀብሏት ለከሰዓቱ ፈረቃ ይሮጣል። ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ይህ ፊልም ለኦስካር ከታጩት አምስት የውጭ ቋንቋ ፊልሞች አንዱ ነበር። በፈረቃ ለተማረ የቦንጋ ልጅ ይህን ታሪክ ማስረዳት ያስፈልጋልን?

ስለ ካፋ ተጽፎ ከምናውቀው ሰፊው መጽሐፍ በጀርመንኛ የተጻፈ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር መጥቶ አይቶ በሁለት ጥራዝ አሳተመው። ቡናን ስላገኘው እረኛ የሚነገረው ተረትም መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1671 በሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የተማረከው የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ፣ በቦንጋ ገበያ ከመንግሥቱ ዘመን ጀምሮ ይነግዱ የነበሩት ሙስሊም ሲራራ ነጋዴዎች፣ የማር ቆራጩ፣ የውሽውሽ ሻይ ለቃሚዋ፣ እነዚህ ሁሉ የሚቀርጻቸው የራሳቸውን ልጅ ይጠብቃሉ። የካፊ ኖኖን ቋንቋ የሚሰማ አዘጋጅ ሽማግሌው ዝም ሲሉ ለምን ዝም እንዳሉ ያውቃል። የውጭው ሰው አስተርጓሚውን ያያል።

ሴት ልጅስ? ይህ ጥያቄ በየቤቱ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይነሣል። የሳዑዲዋ ሃይፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ወጅዳ» ፊልሟ የሪያድን መንገድ ስትቀርጽ ከወንዶች ጋር በአደባባይ ላለመቆም መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ መገናኛ ታዝዝ ነበር። በእኛው አገር ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር ስለ ጫት የሚናገረውን «ፋያ ዳዪ» አብዛኛውን ራሷ ካሜራ ይዛ በአሥር ዓመት ገደማ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳየችው። ፊልሙን ለልጆች አናስመርጥም፤ ነገር ግን ጫት በሙስሊም ወጣት ላይ ያደረሰውን ስንት ኹጥባ ሰምተን ያልደነገጥነውን ያህል ያስደነግጣል።

ስለ ትምህርቱ ባጭሩ እንናገር። የ12ኛ ክፍል ፈተናን የሚተካ የፊልም ሥልጠና የለም፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ ድረስ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ለአጭር ኮርስ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ ወላጁን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጎዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ጋዜጠኝነት የተማረም አዘጋጅ ሊሆን ይችላል። መጻፍ የማይችል ግን አይችልም። ድርሰት የሚጽፍ ልጅ ያለው ወላጅ ካሜራ ከመግዛቱ በፊት መጽሐፍ ይግዛለት።

እስከዚያው ልጁ በእጁ ባለው ስልክ ይጀምር። ስልኩን አጋድሞ ይያዘው፣ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፣ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ይሥራ። አያቱን ስለ ቀድሞው ቦንጋ ይጠይቃቸው፤ ከመቅረጹ በፊት ፈቃድ ይለምን፤ የሴት ዘመድ ከሆነች ፊቷ እንዳይታይ ከፈለገች እጆቿንና ጀበናውን ይቅረጽ፣ ድምፅዋ ከበቂ በላይ ነው። ሲጨርስ ወደ ማንም ከመላኩ በፊት ለተቀረጹት ሰው ያሳይ፤ «ይቺኛዋ ትቅር» ካሉት ይቁረጣት።